ፍትወት፣ ተረትና ሥልጣን በፒካሶ የመዳብ ሰሌዳ ላይ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚበቅል ተክል አይደለም። የሰው ልጅ እንጀራውን ለማግኘት የሚያደርገው ትግል፣ የገዥና የተገዥ ፍጥጫ፣ የጦርነትና የሰላም ጉዳይ በሠዓሊው ብሩሽና በቀራፂው መሮ እንደሚገለጽ ሁሉ፣ በወንድና በሴት መካከል ያለው ግንኙነትም፣ ፍቅሩም ሆነ ፍትወቱ፣ መከባበሩም ሆነ መረጋገጡ በዚያው ይገለጻል። ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻው ጉዳይ በአደባባይ በተነሳ ቁጥር ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲንጸባረቁ እናያለን። አንደኛው፣ ራቁት ገላ የታየበትን ሥራ ሁሉ ነውር ብሎ ፊትን ማዞር ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሥራው የታላቅ ሠዓሊ እጅ ያረፈበት እስከሆነ ድረስ ጥያቄ ሳያነሱ አጎንብሶ መቀበል ነው። ሁለቱ አመለካከቶች የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሰው ሥዕሉን አተኩሮ እንዳይመለከትና የራሱን ፍርድ እንዳይሰጥ ማድረጋቸው ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ በአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወትና ሥራ አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን። ሰውየው ፓብሎ ፒካሶ ነው። ሠራተኛውና የማኅበር አባሉ ፒካሶን የሚያውቀው በአብዛኛው በሁለት ሥራዎቹ ነው፤ የቦምብ ድብደባን ባወገዘበት በጌርኒካ ሥዕሉና የዓለም ሰላም ንቅናቄ ምልክት በሆነችው ርግቡ። ነገር ግን ፒካሶ በረጅም ዕድሜው ከ2,000 በላይ የኅትመት ሥዕሎችን የሠራ ሰው ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በጥንታዊ ግሪኮች ተረት ተጠቅልለው የቀረቡት የፍትወት ሥዕሎች ጉልህ ስፍራ ይዘዋል። እነዚህ ሥራዎች ስለ አንድ ሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ ፍትወትና ሥልጣን በአንድ እጅ ሲገቡ ምን እንደሚከተል የሚነግሩን ነገር አላቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በቅድሚያ ስለ ሙያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኤቺንግ እየተባለ የሚጠራው የኅትመት ጥበብ የእጅ ሥራና የአሲድ ሥራ የተጣመሩበት ነው። በሚገባ የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ አሲድ በማያልፈው ሰም ይሸፈናል። ሠዓሊው በሹል መርፌ ሰሙን እየጫረ ሲሥል፣ መርፌው ባለፈበት ሁሉ መዳቡ ይጋለጣል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ በተነከረ ጊዜ አሲዱ የተጋለጠውን መስመር ብቻ እየበላ ያጎደጉደዋል። ከዚያ በኋላ ሰሙ ይነሳል፤ ሰሌዳው ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ፊቱ በጨርቅ ሲጠረግ ቀለሙ በጎደጎደው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻም እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በከባድ የብረት መዳመጫ ሥር ሲያልፍ ሥዕሉ ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል፤ በሰሌዳው ላይ ግራ የነበረው ቀኝ፣ ቀኝ የነበረውም ግራ ሆኖ ይወጣል። ከአንድ ሰሌዳ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ማተም ይቻላል። ስለዚህ ሠዓሊው ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ አይደለም፤ አሲዱን የሚመጥን፣ ቀለሙን የሚጠርግ፣ መዳመጫውን የሚያዞር ባለሙያ ሠራተኛ ከጎኑ ያስፈልገዋል።

ፒካሶ በደቡብ ስፔን በምትገኘው በማላጋ ከተማ ኦክቶበር 25 ቀን 1881 ተወለደ። አባቱ ሆሴ ሩይስ ብላስኮ የሥዕል መምህር ሲሆን፣ ርግቦችን መሣል የሚወድ ሰው ነበር። ፒካሶ የሚለው ስም የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። ቤተሰቡ አባትየው በተቀጠረበት ሁሉ እየተከተለ በ1891 ወደ ላ ኮሩኛ፣ በ1895 ደግሞ ወደ ባርሴሎና ተዛወረ። በዚሁ በ1895 ታናሽ እኅቱ ኮንቺታ በዘጊ አናዳ በሽታ በልጅነቷ ሞተች። ስፔናዊው ልጅ የበሬ ፍልሚያን ገና በሕፃንነቱ አየ፤ ገና ልጅ ሳለ ከሣላቸው ሥዕሎችም አንዱ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የበሬ ተፋላሚ ነው። በሬው፣ ፈረሱና በዙሪያው ተቀምጦ የሚያየው ሕዝብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለዩትም።

በ1900 ፓሪስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ፒካሶ፣ በ1904 በዚያው ለመኖር ወስኖ በሞንማርትር ኮረብታ ድሆች ሠዓሊያን በሚጠጉበት ባቶ-ላቯር በተባለ የተጎሳቆለ ሕንፃ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት የሠራው ቁጥብ ማዕድ የተሰኘው ኤቺንግ ከመጀመሪያዎቹ የኅትመት ሥራዎቹ አንዱ ሲሆን፣ የተሣለውም ሌላ ሠዓሊ ቀደም ብሎ በተጠቀመበት የዚንክ ሰሌዳ ላይ ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ዓይነ ስውር ወንድና አንዲት ሴት ባዶ ሳሕን፣ ቁራሽ ዳቦና ወይን ባለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ወንዱ እጁን በሴቲቱ ትከሻ ላይ አሳርፏል፤ ፊቱ ግን ወዲያ ዞሯል። ሁለቱም በረሃብ የከሱ፣ ጣቶቻቸው የረዘሙ ናቸው። እዚህ ላይ ፍቅርም ሆነ የገላ ቅርበት ያለ አንዳች ተረት ሽፋን ቀርቧል። ሁለቱ ሰዎች እኩል ድሆች ናቸውና አንዱ በሌላው ላይ ሥልጣን የለውም። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ ነጋዴው አምብሯዝ ቮላር ይህንን ሰሌዳ ከሌሎች ጋር ገዝቶ ቶሎ እንዳያልቅ በብረት አስለበጠና ከ250 በላይ ቅጂ አሳተመ። የረሃብተኞቹ ማዕድ በዚህ አኳኋን የሰብሳቢዎች ንብረት ሆነ።

ፒካሶም ራሱ በዚያ ማዕድ ላይ አልቆየም። ሥራው መሸጥ ጀመረ፤ ስሙ ገነነ። በ1917 ወደ ኢጣሊያ ተጉዞ የሮማንና የፖምፔን ጥንታዊ ሥራዎች ተመለከተ፤ በዚያው ጉዞ የተዋወቃትን የሩሲያ ባሌ ቡድን ተወዛዋዥ ኦልጋ ኮክሎቫን በ1918 አገባ። በ1921 ወንድ ልጅ ወለዱ። በፓሪስ ሀብታሞች ሰፈር መኖሪያ ያዘ፤ በ1930 ደግሞ ቧዥሉ በተባለ ስፍራ ሰፊ የገጠር ቤት ገዛ። በዚህ ቤት የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ክፍልና የኅትመት መዳመጫ አቋቋመ። ከ20 ዓመት በፊት በተከራየው ክፍል ይቸገር የነበረው ሠዓሊ በዚህ ጊዜ የቤት፣ የሀብትና የዝና ጌታ ነበር።

ለጭብጣችን ወሳኝ የሆነው ሁኔታ የተከሰተው በጃንዋሪ 1927 ነው። ፒካሶ በፓሪስ ከአንድ ትልቅ መደብር አካባቢ ማሪ-ቴሬዝ ዋልቴር የምትባል ወጣት አገኘ። እሷ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሱ የ45 ዓመት ሰው፣ ባለ ትዳርና ባለ ዝና ነበር። ግንኙነታቸው ለዓመታት በምስጢር ተያዘ። ነገር ግን በአደባባይ ያልተነገረው ነገር በመዳብ ላይ ተነገረ። ከግንባር እስከ አፍንጫ ቀጥ ብሎ የሚወርደው የልጅቱ ገጽታ በ1930ዎቹ በሠራቸው ኤቺንጎች ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ ስሟ ግን አልተጻፈበትም። በስሟ ፋንታ የቀረቡት የአማልክት፣ የአበባ አክሊል የደፉ ሞዴሎችና የተኙ ልጃገረዶች ምስሎች ናቸው።

አንባቢ እንደሚያውቀው በአገራችን ቅኔ ሰምና ወርቅ አለ። በአውሮፓ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ደግሞ የግሪክና የሮማ ተረት ለብዙ ምዕተ ዓመታት የሰምን ቦታ ይዞ ቆይቷል። አንድ መስፍን ወይም ሀብታም ነጋዴ የራቁት ሴት ሥዕል በአዳራሹ ለመስቀል ሲፈልግ ሥዕሉ ቬነስ ወይም ዳናኤ ተብሎ ይሰየም ነበር። ስሙ የአምላክ ሲሆን ነውሩ ይቀራል። ከተረቶቹም ብዙዎቹ ኃይለኛው አምላክ አቅም የሌላትን ሴት የሚያሳድድባቸው ናቸው። ዜውስ አንዴ በሬ፣ አንዴ ዳክዬ መሰል ነጭ ወፍ ሆኖ ይቀርባል፤ ዳፍኔ ከአፖሎ ለማምለጥ ወደ ዛፍነት ትለወጣለች። እንግዲህ ተረቱ የፍትወት መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን የግፍም መሸፈኛ ነበር ማለት ይቻላል።

ፒካሶ ወደዚህ ውርስ የገባው በ1931 ነው። በዚያ ዓመት ወጣቱ አሳታሚ አልቤር ስኪራ የሮማዊውን ባለቅኔ የኦቪድን የመለወጥ ተረቶች መጽሐፍ በፒካሶ 30 ኤቺንጎች አስጊጦ በሎዛን አወጣ። ሥዕሎቹ ጥላ የላቸውም፤ በቀጭን መስመር ብቻ የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ንጉሥ ቴሬውስ የሚስቱን እኅት ፊሎሜላን ሲታገላት ያሳያል። በተረቱ መሠረት ንጉሡ ልጅቱን ከደፈረ በኋላ እንዳትናገር ምላሷን ይቆርጣል፤ እሷ ግን ግፉን በሸማ ላይ ሠርታ ለእኅቷ ትልካለች። በፒካሶ ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ገላዎች በመስመር ተጠላልፈው ሲታዩ፣ መስመሩ ከማማሩ የተነሳ ትግል ይሁን መተቃቀፍ ለመለየት ተመልካቹ ቆም ማለት ይኖርበታል። ውበት የግፍን ድምፅ እንዴት እንደሚያለዝብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በዚህ ጊዜ ነው ፒካሶ ከ1930 እስከ 1937 ድረስ በየጊዜው የሠራቸውና በኋላ በነጋዴው ስም የቮላር ስብስብ ተብለው የታወቁት 100 ኤቺንጎች የተጀመሩት። ከእነዚህ 46ቱ የቀራፂውን ሥራ ክፍል ያሳያሉ። ጺማም ቀራፂ ከሞዴሉ ጋር ራቁቱን ተጋድሞ ይታያል። እረፍት ነው፤ ሥራው አልቋል። ልብ ብለን ስንመለከት ግን ሁለቱ በብዙዎቹ ላይ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ቀራፂው የሚያየው የሠራውን ምስል ነው፤ ሞዴሏም የምታየው በድንጋይ የተሠራች ሌላ ሴትን ነው። ሕያዋን ሰዎች በአንድ አልጋ ላይ ሆነው ሥራው በመካከላቸው ገብቷል። የፈጣሪነት ሥልጣን የቀራፂው ሲሆን፣ የሞዴሏ ድርሻ መታየትና መጠበቅ ነው።

ይህ ጸጥታ በ1933 ሚኖታውሮስ ሲገባ ይደፈርሳል። ሚኖታውሮስ በግሪኮች ተረት ራሱ የበሬ፣ ገላው የሰው የሆነ ፍጡር ነው። የቀርጤስ ንጉሥ ሚኖስ ለባሕር አምላክ ሊሠዋ ቃል የገባውን ያማረ በሬ ሲያስቀር፣ አምላኩ በቅጣት የንጉሡ ሚስት በሬውን እንድትመኝ ያደርጋል፤ ከዚያም ሚኖታውሮስ ይወለዳል። ንጉሡ ፍጡሩን መውጫው በማይታወቅ ቤት ውስጥ ዘግቶ፣ ለመብሉ ከተሸነፈችው ከአቴና 7 ወንዶችና 7 ሴቶች ልጆች እንዲገበሩ ያዛል። በመጨረሻ ቴሴውስ ገብቶ ይገድለዋል። ተረቱ እንግዲህ የፍትወት ተረት ብቻ ሳይሆን የግብርና የገዥ ተረትም ነው።

ፒካሶ ይህን ፍጡር ከቤቱ አውጥቶ ወደ ቀራፂው ክፍል አስገባው። በ1933 ጸደይና በጋ በሠራቸው ሰሌዳዎች ላይ ሚኖታውሮስ ከቀራፂውና ከሴቶቹ ጋር ጽዋ ያነሳል፤ በሌላው የተኛች ሴት እጅ ላይ አፍንጫውን በስስት ያሳርፋል፤ በሌላው ደግሞ ያው ራሱ በሴት ላይ ወድቆ በኃይል ይጫናታል። ከዚያ በፍልሚያ ሜዳ ተወግቶ ይወድቃል፤ ተመልካቾች ከአጥሩ በላይ ሆነው ያዩታል፤ አንዲት ሴትም እጇን ዘርግታ የሚሞተውን ፍጡር ጀርባ ትዳስሳለች። በ1934 ደግሞ ሚኖታውሮስ ዓይኑ ጠፍቶ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ፣ በአንዲት ትንሽ ልጅ እየተመራ ይሄዳል። ልጅቱ ርግብ ወይም አበባ ታቅፋለች፤ መልኳም የማሪ-ቴሬዝ ነው። በሕይወቱ ውስጥ መንገዱን የሚወስነው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በመዳብ ላይ ግን መሪዋ ልጅቱ፣ ተመሪው ኃይለኛው ሆኗል።

ይህን መገለባበጥ ሁለት ዓይነት ማንበብ ይቻላል። አንዱ፣ ሠዓሊው ኃይሉ ዓይነ ስውር መሆኑን አምኖ ተናገረ የሚል ነው። ሌላው፣ ጥፋተኛው አዛኝ መልክ ይዞ ቀርቦ ርኅራኄያችንን ወሰደ የሚል ነው። እኛ ሁለቱም እውነት አላቸው እንላለን። ሚኖታውሮስ ሲወጋና ሲታወር የምናዝነው ለእሱ ነው፤ ከእሱ በታች ለወደቀችው ሴት ግን የተለየ ሰሌዳ አልተሰጣትም። የእሷ ሕመም በእሱ ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ አልፏል።

ተረት ሁልጊዜ ለኃይለኛው ብቻ ያደላል ማለታችን ግን አይደለም። በ1934 ፒካሶ የአሪስቶፋኔስን ሊሲስትራታ በ6 ኤቺንጎች አስጊጧል። በዚህ ጥንታዊ ኮሜዲ የግሪክ ሴቶች ተማምለው፣ ወንዶቹ ጦርነቱን እስኪያቆሙ ድረስ መኝታ ይከለክሏቸዋል። እዚህ ላይ ሴቲቱ የምትመኝ፣ የምትከለክል፣ ተሰብስባ የምትወስን ናት። ፍትወት የሚጣልባት ነገር መሆኑ ቀርቶ በእጇ ያለ ኃይል ይሆናል። ማኅበር ምን እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ተረት ትርጉም ግልጽ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትከለክል ትደበደብ ነበር፤ በአንድነት ሲከለክሉ ግን ጦርነት ቆመ።

1935 ለፒካሶ አስቸጋሪ ዓመት ነበር። ማሪ-ቴሬዝ ፀነሰች፤ ኦልጋ ልጇን ይዛ ቤቱን ለቀቀች። የንብረት ክፍፍል ጥያቄ ስለነበረ ፍቺው አልተፈጸመም፤ ኦልጋ በ1955 እስክትሞት ድረስ በሕግ ሚስቱ ሆና ቆየች። በዚያው ጸደይ ሚኖታውሮማኪ የተባለው ትልቁ ኤቺንግ ተሠራ። ሚኖታውሮስ ከቀኝ በኩል እጁን ዘርግቶ ይመጣል። በፊቱ አንጀቱ የተዘረገፈ ፈረስ አለ፤ በፈረሱ ላይ ጡቷ የተገለጠ የበሬ ተፋላሚ ሴት ራሷን ስታ ተጋድማለች። አንድ ጺማም ሰው በመሰላል ይሸሻል። ሁለት ሴቶች ርግቦች ባሉበት መስኮት ቆመው ያያሉ። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ልጅ በአንድ እጇ አበባ፣ በሌላው እጇ ሻማ ይዛ ሳትሸሽ ቆማለች። ኃይለኛው እጁን የዘረጋው ብርሃኑን ለመከላከል ይሁን ለመንካት ሥዕሉ አይወስንም። ልጅቱ አለመሸሿ ግን የማያጠራጥር ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጁን 12 ቀን 1936፣ የቮላር ስብስብ ከፍተኛ ሥራ ከሚባሉት አንዱ ተፈጸመ። ፋውን፣ ማለትም ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነው የጫካ ፍጡር፣ የተኛችን ሴት ልብስ በዝግታ ይገልጣል። ብርሃን በመስኮት ገብቶ በገላዋ ላይ ይፈሳል። ፒካሶ የተነሳው ሬምብራንት በ1659 ከሠራው የጁፒተርና የአንቲዮፔ ኤቺንግ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ የመሰለ ጥላና ብርሃን እንዲወጣ ያስቻለው ደግሞ አታሚው ሮዤ ላኩሪዬር ያስተማረው ብልሃት ነው። በዚህ ዘዴ ሠዓሊው ስኳር በተቀላቀለበት ቀለም በብሩሽ ይሥላል፤ ሰሌዳው በቫርኒሽ ከተሸፈነ በኋላ ሞቅ ያለ ውኃ ሲነካው ስኳሩ እየሟሟ ቫርኒሹን ያነሳዋል፤ አሲዱም የብሩሹን አረፋፍ እንዳለ ይቀርጻል።

የሥዕሉን ውበት መካድ ሐሰት ይሆናል። ያም ሆኖ፣ በማንኛውም የሥራ ባልደረባችን ቤት ቢፈጸም የምንጠይቀውን ጥያቄ እዚህ ላይ የማንጠይቅበት ምክንያት የለም። ሴቲቱ ተኝታለች። ማንም አልጠየቃትም። ልብሷ የሚገለጠው እሷ ሳታውቅ ነው፤ ተመልካቹም ከፋውኑ ጋር አብሮ ያያል። የተኛ ሰው እሺም እምቢም ሊል አይችልም። ተረቱ ይህን ቀላል እውነት በሰም ይሸፍነዋል፤ የኛ ተግባር ሰሙን ማንሳት ነው።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በስፔን የጄኔራል ፍራንኮ አመፅ ተነሳ። ፒካሶ በጃንዋሪ 1937 የፍራንኮ ሕልምና ቅጥፈት በሚል ርዕስ በሁለት ሰሌዳዎች ላይ 18 ትናንሽ ሥዕሎችን መሥራት ጀመረ፤ ገቢውም ለስፔን ሪፐብሊክ መርጃ እንዲውል ሆነ። ፍራንኮ በእነዚህ ላይ አስቀያሚና አስቂኝ ፍጡር ሆኖ ሲቀርብ፣ በሬው በቀንዱ ይወጋዋል። ኤፕሪል 26 ቀን 1937 የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች ከፋሽስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጋር ሆነው የባስኮችን ከተማ ጌርኒካን ደበደቡ። ይህ የኢጣሊያ አየር ኃይል በ1935 እና በ1936 በአገራችን ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ያው ኃይል መሆኑን አንባቢ አይዘነጋውም። ፒካሶ ሥራውን በጁን ሲፈጽም የመጨረሻዎቹን ትናንሽ ሥዕሎች የሚያለቅሱ እናቶችና የተገደለ ልጅ ሞሏቸው። በቁመት 349፣ በወርድ 776 ሳንቲ ሜትር የሆነው የጌርኒካ ሥዕልም በዚያው በጋ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቀረበ። በሬው፣ የቆሰለው ፈረስ፣ መብራት የያዘው የተዘረጋ እጅ፣ በመስኮት የምታየው ሴት፤ ሁሉም ከሁለት ዓመት በፊት በመዳብ ላይ የተሠሩ ነበሩ። በግል የፍትወት ጭንቀት የተወለደው ተረት የሕዝብ መከራ መግለጫ ሆነ። የተረት ኃይሉም እዚህ ላይ ነው፤ ሠዓሊው ካሰበበት ስፍራ አልፎ ለሌሎች ይደርሳል።

መቶዎቹ ሰሌዳዎች በላኩሪዬር ማተሚያ ቤት በ1939 ታተሙ። ጥቂት ተጨማሪ ቅጂዎችን ሳይቆጥር ከእያንዳንዱ ሰሌዳ 310 ቅጂ ማውጣት ያስፈልግ ስለነበር፣ ሥራው 31,000 ጊዜ ቀለም መቀባት፣ መጥረግና መዳመጥ ነበር። ስብስቡ የተሰየመው በነጋዴው ነው፤ ዝናው የሠዓሊው ነው፤ ጨርቅ ይዘው ቀለሙን የጠረጉት ሠራተኞች ስም ግን በሰሌዳው ጠርዝ ላይ አልተጻፈም። ቮላር በጁላይ 1939 በመኪና አደጋ ሞተ፤ ጦርነቱም ተከተለ። ስብስቡን የገዛው ነጋዴ አንሪ ፔቲዬ ለገበያ ማቅረብ የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው።

ፒካሶ ፓሪስ ከናዚ ወረራ ነፃ በወጣችበት በ1944፣ በኦክቶበር፣ የፈረንሳይ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1949 ባለቅኔው ሉዊ አራጎን ከሥራዎቹ መካከል የመረጣት የሊቶግራፍ ርግብ የፓሪስ የሰላም ጉባዔ ፖስተር ሆነች፤ በዚያው ሰሞን የተወለደችው ልጁም በስፔንኛ ርግብ ማለት የሆነው ፓሎማ የሚለው ስም ወጣላት። በአደባባይ ከጭቁኖች ጎን የቆመው ይኸው ሰው በቤቱ ምን ነበር? የልጆቹ የክሎድና የፓሎማ እናት የሆነችው ሠዓሊ ፍራንሷዝ ዢሎ በ1953 ልጆቿን ይዛ ትታው ሄደች። በ1964 ስለ አብሮ ኑሯቸው መጽሐፍ ስታወጣ ፒካሶ መጽሐፉ በፈረንሳይ እንዳይታተም በፍርድ ቤት ተሟገተ፤ አልተሳካለትም። ለተገዙት ድምፅ ሲሆን የኖረ ሠዓሊ የገዛ ቤቱ ሴት ድምፅ ስታሰማ ሊዘጋት ሞከረ። ፊሎሜላ ግፏን በሸማ ላይ እንደ ሠራች፣ ዢሎ በወረቀት ላይ ጻፈች።

በስተርጅናው ፒካሶ ወደ መዳብ በኃይል ተመለሰ። ደቡብ ፈረንሳይ በሙዥን ከክሮምላንክ ወንድማማቾች ማተሚያ ጋር እየሠራ ከማርች 16 እስከ ኦክቶበር 5 ቀን 1968 ድረስ 347 ኤቺንጎችን ሠራ። የ86 ዓመት ሰው ነበር። በዚያው ጸደይ የፈረንሳይ ሠራተኞች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ሥራ አቁመው ነበር፤ በሙዥን ግን መርፌው መዳቡን መጫሩን አላቋረጠም። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሚኖታውሮስ የለም። የኢጣሊያው ሠዓሊ ራፋኤል ከወዳጁ ጋር ሲተኛ፣ ሊቀ ጳጳሱ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ሲያጮልቅ ይታያል። በየጥጉ የተቀመጠ አጭር፣ ያረጀ፣ አስቂኝ ሰው ከማየት በቀር የሚችለው ነገር የለም። ኃይለኛው አውሬ አጮላቂ ሽማግሌ ሆኗል፤ ሠዓሊውም በራሱ ስቋል። በፓሪስ በታኅሣሥ ወር ለሕዝብ ሲቀርቡ ግልጽ የፍትወት ሥዕሎቹ ከሌሎቹ ተለይተው ተያዙ።

ፒካሶ ኤፕሪል 8 ቀን 1973 በሙዥን ሞተ። ማሪ-ቴሬዝ በ1977፣ ባለቤቱ ዣክሊን ሮክም በ1986 የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። ጌርኒካ በ1981 ወደ ስፔን ተመለሰ። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም በ2011 ሙሉውን የቮላር ስብስብ አገኘ። የሞተበት 50ኛ ዓመት በ2023 ሲታሰብ በብዙ አገሮች ሥራው እንደገና ታየ፤ ለሴቶች የነበረው አያያዝም ከሥራው ጋር አብሮ የክርክር ርዕስ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንዳንዶች ሥዕሎቹ ከግድግዳ ይውረዱ ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሰሌዳዎቹ ቢደበቁ የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ኃይለኛው ራሱን እንዴት እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚያፍር፣ መቼስ ሐፍረቱን በውበት እንደሚሸፍን በግልጽ የተጻፈበት ሌላ መዝገብ ማግኘት ያዳግታል። ሌሎች ደግሞ ታላቅነቱ ሁሉን ያስረሳል ይላሉ። በዚህም አንስማማም። ሠርቶ አደሩ በፋብሪካ አለቃው ጎበዝ መሐንዲስ ስለሆነ ብቻ በደሉን እንደማይቀበል ሁሉ፣ በሥዕል ፊትም ሚዛኑን መጣል የለበትም።

ስለዚህ በየማኅበሩና በየቀበሌው ስለ ጥበብ ስንወያይ፣ የፍትወት ሥዕል ሲቀርብልን ዓይናችንን ከመሸፈንና ከማጎንበስ ይልቅ ቀላል ጥያቄዎችን እንጠይቅ። የሚያየው ማን ነው? የሚታየውስ? ተጠይቋል ወይስ ተኝቷል? የማን ስም ተጻፈ፣ የማንስ ቀረ? የገላ ፍላጎት የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። የሚያሳፍረው አንዱ ሲመኝ ሌላው ፈቃዱን የሚያጣበት ሥርዓት ነው። በሚኖታውሮማኪ ላይ ሻማ ይዛ የቆመችው ልጅ አውሬውን አልገደለችም፤ አልሸሸችምም። ብርሃኑን ወደ ፊቱ አቅርባ ማን እንደሆነ እንዲታይ አደረገች። ከዚህ ሰው ሥራ ፊት ስንቆም የኛም ድርሻ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይገባም።